ነጩን ተዪው

የጥሞና ክፍል፦ ዘፍጥረት 37፥31-35፤ ዘዳግም 29፥29

ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ሲያዩት ስለ ሥዕል የተጻፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ውሸት ነው፤ ያውም ስለ ራሴ ውሸት። ጌታ በምን መንገድ እንደያዘኝ ላካፍላችሁ።

እጅሽን አውሺኝ

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ነው። የምተዳደረው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ሥራውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገላ ማጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሌሊት ሲጠሩ መነሣት። ከምንከባከባቸው አንዲቱ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥዕል ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። እኔ በአገራችን ወግ "እማማ" እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ስላላቸው አሁን ሌሎቹ ሠራተኞችም በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል።

እማማን ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትሮክ መታቸው። ንግግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም። የሥዕል ዕቃቸው በካርቶን ታሽጎ አልጋቸው ሥር ተቀምጦ ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ የሲያትል ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፣ ካርቶኑን እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። ቀለሞቹን አንድ በአንድ እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው "የእኔ እጅ እምቢ ብሏል፤ አንቺ እጅሽን አውሺኝ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሥያለሽ" አሉኝ።

እኔ ከትምህርት ቤት ወዲህ ብሩሽ ይዤ አላውቅም። ቢሆንም እምቢ ማለት አልቻልኩም። "ምን እንሣል?" አልኳቸው። አበባ ወይም ቤት የሚሉ መስሎኝ ነበር።

"ባሕር" አሉ።

ለእሳቸው ይህ የተለመደ መልስ ነው። ሲያትል የባሕር ከተማ ናት። ፒውጀት ሳውንድ የሚባለው ከውቅያኖስ ወደ ምድር የገባ ውኃ በምዕራብ በኩል ያዋስናታል። ትልልቅ ነጭና አረንጓዴ መርከቦች ሰውና መኪና ጭነው ይመላለሱበታል፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ደግሞ ከማዶ በረዶ የለበሱት የኦሎምፒክ ተራሮች ይታያሉ። እማማን በዊልቸር እየገፋሁ አልካይ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ብዙ ጊዜ ወስጃቸዋለሁ። እሳቸው ውኃውን ሲያዩ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መንገዱን ነበር የማየው። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

ከኦቦክ የመጣው ስልክ

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። በጦሳ ተራራ ሥር ያደግን ሰዎች ባሕርን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከፊልም ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን እንደ ብዙ የወሎ ወጣቶች ሳዑዲ ሠርቶ ሊለወጥ አስቦ፣ ለማንም ሳይናገር በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወጣ። በጥር 2011 ዓ.ም. አጋማሽ ከኦቦክ ደወለልኝ። ኦቦክ በጅቡቲ ሰሜን ያለች የወደብ ከተማ ናት። ደላሎች ስደተኞችን በትንንሽ ጀልባ አጭቀው ወደ የመን የሚያሻግሩት ከዚያ አካባቢ ነው። የሚያቋርጡት ባሕር ባብ ኤል ማንደብ ይባላል፤ በጣም በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙም በዐረብኛ የእንባ በር ማለት እንደሆነ ይነገራል።

"ስልክሽን እንዳትዘጊው። እንደተሻገርኩ እደውላለሁ" አለኝ። አልደወለም።

በዚያው ወር በ21 ከኦቦክ ብዙም በማይርቀው በጎዶርያ አካባቢ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ስደተኞች ሞቱ። ዜናውን ያነበብኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ወንድሜ ከእነርሱ ጋር ይሁን፣ በሌላ ጀልባ ይሁን፣ ወይስ ተሻግሮ በየመን ጦርነት ውስጥ ይጥፋ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ "አየሁት" የሚል ግን አልተገኘም።

እማዬ የደም ግፊት አለባት። "ቁርጡን እስካውቅ ትንሽ ልጠብቅ" አልኩ። በየካቲት "ልጄ ደወለልሽ ወይ?" ብላ ስትጠይቀኝ "አዎ፣ በሰላም ገብቷል" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ነገሩ የተጀመረው በዚህች ቃል ነው።

ውሸት ግን ብቻውን አይቆምም፤ ድጋፍ ይፈልጋል። "ታዲያ ለምን ለእኔ አይደውልም?" ስትለኝ "በረሃ ላይ ፍየል ይጠብቃል፤ ኔትወርክ የለም" አልኳት። "አንቺስ እንዴት ታገኚዋለሽ?" ስትለኝ "አሠሪው ከተማ ሲወጣ ይዞት ይወጣል፤ ያኔ በእኔ በኩል ይልካል" አልኩ። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ከደመወዜ እየቀነስኩ "ይህ ከልጅሽ ነው" እያልኩ ገንዘብ መላክ ጀመርኩ። በዓል ሲመጣ ሰላምታ ጨመርኩበት፤ ናፍቆቱንም ጨመርኩበት። ነገሩ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት እማዬ ያንን ገንዘብ አጠራቅማ በግቢዋ ጥግ አንድ ክፍል ማሠራት ጀምራ ነበር። "የልጄ ቤት" ትለዋለች። ግድግዳው ቆሞ፣ ምርጊቱ ደርቆ፣ የቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነበር።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ በመዘምራን አገልግሎት ውስጥ ነበርኩ። እሑድ እጄን አንሥቼ እዘምራለሁ፤ ማታ ለብቻዬ ስንበረከክ ግን ስለ ወንድሜ የምጸልየው ጸሎት አልነበረኝም። ለእናቴ ሕያው ነው ብዬ፣ በልቤ ሞቷል ብዬ፣ በእግዚአብሔር ፊት የትኛውን ይዤ እንደምቀርብ ጠፋኝ።

እንግዲህ እማማ "ባሕር" ሲሉኝ ልቤ ውስጥ የነበረው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ባሕር

እማማ የሚወዱት የባሕር ሥዕል እያንዳንዱን ማዕበል የሚቆጥረውን አይደለም። ፈታ ያለ፣ ውኃውና ቀለሙ የራሳቸውን ሥራ እንዲሠሩ የሚተውላቸውን ዓይነት ነው። ዕቃውም ጥቂት ነው፤ ከጥጥ የተሠራ ገጹ ሻካራ የሆነ ወፍራም ወረቀት፣ ሁለት ብሩሽ፣ ሁለት ኩባያ ውኃና ሶፍት። ወረቀቱ ሲረጥብ እንዳይጨማደድ አራቱን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ጣውላ ላይ እንለጥፈዋለን። ቀለሙ ሦስት ብቻ ነው፤ አልትራማሪን የሚባለው ጥልቅ ሰማያዊ፣ የተተኮሰ ሸክላ የመሰለ ቡናማ፣ ትንሽ ደግሞ የአፈር ቢጫ። ሰማያዊውና ቡናማው ሲደባለቁ የዝናብ ደመናን ግራጫ ይሰጣሉ።

መጀመሪያ የሰማዩን ቦታ በንጹሕ ውኃ ማራስ ነው። ወረቀቱ ገና እያብረቀረቀ ሳለ ግራጫው ጣል ይደረግበታል። ቀለሙ በራሱ ይሰራጫል፤ የደመናውን ጠርዝ የሚያለሰልሰው ውኃው ነው። ጣውላውን ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት ከሩቅ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። ሰማዩ ሲደርቅ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበት መስመር ይመጣል። ይህ መስመር ማዘንበል የለበትም፤ "ካዘነበለ ባሕሩ ይፈስብሻል" ይላሉ እማማ። ከመስመሩ አጠገብ ሞገዱ ጠበብ ይላል፤ ወደ እኛ ሲቀርብ ይሰፋል። ከዚያ ደረቅ ያለ ብሩሽ አስተኝቶ በፍጥነት ወረቀቱ ላይ መሳብ ነው። ቀለሙ የወረቀቱን ጉብታ ብቻ ነክቶ ጎድጓዳውን ስለሚዘለው በመሐል የሚቀሩት ነጫጭ ነጥቦች በውኃ ላይ የሚጫወት ብርሃን ይመስላሉ።

ወደ ማዕበሉ አረፋ ስንደርስ ካርቶኑን መፈተሽ ጀመርኩ። "ነጩ ቀለም የታለ?" አልኳቸው።

"የለም" አሉ። ነጭ ቀለም የሚጨምሩ ሠዓሊዎች አሉ፤ እማማ ግን አይጨምሩም። "በውኃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ብርሃኑ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት እዚያ አለ። ያንቺ ሥራ እንዳትሸፍኚው መጠንቀቅ ነው።"

ሰማዩ ደኅና ሆኖልኝ ነበር። ባሕሩ ላይ ስደርስ ግን እጄ አላርፍ አለ። ባዶ ነጭ ቦታ ባየሁ ቁጥር የረሳሁት፣ ያልጨረስኩት ነገር ይመስለኛል። ትንሽ ሰማያዊ ጨመርኩ። እማማ "ነጩን ተዪው" አሉ። "እሺ" ብዬ ከጎኑ ያለውን ነካሁ። የጨመርኩት ስላላማረኝ ሳይደርቅ በውኃ ላስተካክለው ሞከርኩ። ለካ በግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ ውኃ ሲያርፍበት ቀለሙን ወደ ዳር ገፍቶ አበባ ጎመን የመሰለ ምልክት ይተዋል። ያንን ለመሸፈን ቡናማ አመጣሁ። ቡናማውን ለመሸፈን ደግሞ ሰማያዊ። "ልጄ፣ ነጩን ተዪው" አሉኝ እንደገና። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የቀረው ባሕር ሳይሆን የክረምት ጎርፍ ነበር። ከመፈተጉ ብዛት ወረቀቱ ራሱ ተላጠ።

እማማ አልተቆጡኝም። "የመጀመሪያው ስሕተትሽ ትንሽ ነበር፤ ሥዕሉን ያበላሸው ማስተካከያው ነው" አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው "ባዶ ቦታ ለምን ያስፈራሻል?" ብለው ጠየቁኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "ሻይ ላፍላልዎት?" የሚል ነው።

ዳርቻ ላይ የቆሙት ሴቶች

በሚቀጥለው ቀን እማማ አንድ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ከመደርደሪያ እንዳወርድላቸው ጠየቁኝ። የዊንስሎው ሆመር ሥዕሎች ነበሩ። ሆመር አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1836 ተወልዶ በ1910 ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ከለርኮትስ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ተቀመጠ፤ እስከ 1882 ድረስ እዚያ ሆኖ ብዙ የውኃ ቀለም ሥዕል ሠራ። በኋላም ሜን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ባሕር በሚመታው ድንጋያማ ዳርቻ ላይ መኖሪያውን አድርጎ ባሕርን ሲሥል ኖረ።

እማማ ሊያሳዩኝ የፈለጉት ብርሃኑን ነበር። እኔ ያየሁት ግን ሴቶቹን ነው። ከለርኮትስ በሠራቸው ሥዕሎች ላይ ብዙ ሴቶች አሉ። መረብ ይጠግናሉ፣ ቅርጫት ይሸከማሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ነፋሱ ልብሳቸውን እየገፋው ዳርቻ ላይ ቆመው ወደ ባሕሩ ያያሉ። ወንዶቹ ለዓሣ ወጥተዋል፤ ሴቶቹ ይጠብቃሉ።

መጽሐፉን ይዤ ቆሜ ስለ እማዬ አሰብኩ። እነዚህ ሴቶች ቢያንስ ወዴት ማየት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ባሕሩ ፊት ለፊታቸው ነው። እኔ ግን እናቴን ከባሕሩ አዙሬ ወደሌለ በረሃ እንድትመለከት አድርጌያት ነበር።

በዚያው ሳምንት የመጽሐፍ ቅዱስ ንባቤ ዘፍጥረት 37 ላይ ደረሰ። ታሪኩን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። የዮሴፍ ወንድሞች እርሱን ከሸጡ በኋላ ቀሚሱን በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው ላኩ። "ሞቷል" የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ልብሱን አሳይተው የልጁ መሆኑን ራሱ እንዲለይ ጠየቁት። የቀረውን ያዕቆብ ራሱ በልቡ ጨረሰው። ዮሴፍ በዚያ ወቅት 17 ዓመቱ ነበር (37፥2)። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነው (41፥46)። ለወንድሞቹ የተገለጠው ደግሞ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው የረሃቡ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው (45፥6)። ብትደምሩት 22 ዓመት ገደማ ይሆናል። አንድ አባት ይህን ሁሉ ዘመን በደም በተነከረ ጨርቅ ምክንያት ለሕያው ልጁ አለቀሰ።

እኔን የወጋኝ ግን ቁጥር 35 ነው። ልጆቹ ሁሉ አባታቸውን ሊያጽናኑት ተነሡ ይላል። እውነቱን እያወቁ! የዋሹት ራሳቸው አጽናኝ ሆነው መጡ። እኔስ በየበዓሉ ሰላምታ እያቀበልኩ ያደረግሁት ምን ነበር? እነርሱ ሕያውን ሞተ አሰኙ፤ እኔ ምን እንደሆነ የማላውቀውን ሕያው ነው አልኩ። "የእኔ ከፍቅር ነው" ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። መንፈስ ቅዱስ ግን አልለቀቀኝም። ያ ሁሉ የተደረገው ለእማዬ ብቻ አልነበረም። ስታለቅስ መስማትን ፈርቼ ነው። ራሴን ነበር የጠበቅሁት።

ከዚያ ዘዳግም 29፥29 ወደ ልቤ መጣ። የተሰወረው ነገር የእግዚአብሔር ነው፤ የተገለጠው ግን ለእኛና ለልጆቻችን የተሰጠ ነው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ወንድሜ ያለበት ቦታ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ ያንን ባዶ ቦታ የመሙላት ሥልጣን ለእኔ አልተሰጠኝም። ለእኔ የተገለጠልኝ ሦስት ነገር ብቻ ነበር። ከኦቦክ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ገንዘቡ የእኔ ነበር።

ሦስት ዓረፍተ ነገር

በአገራችን ከባድ ወሬ ለብቻ ላለ ሰው በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰባስበው ማልደው ደጁ ይደርሳሉ፤ ሰውየው የሚደግፈው ትከሻ አጠገቡ እንዲኖር ነው። በዚህ ወግ ውስጥ ጥበብ አለ። ወጉ ግን እውነትን በፍቅር የሚያደርስ እንጂ አምስት ዓመት የሚቀብር አይደለም። ለመጋቢያችን ሄጄ ተናዘዝኩ። አብረውኝ አለቀሱ፤ ከዚያም "አንቺ ራስሽ ንገሪያት፤ እሷ ግን ብቻዋን አትሁን" አሉኝ። ደሴ ላሉት የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ደወልን። በኅዳር አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ እዚህ ገና ዓርብ ማታ ሳለ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አብረዋት የሚጸልዩ እናቶች ቤቷ ሄዱ። እኔም በኢሞ ደወልኩ።

እማዬ ሰዎቹን በማለዳ ስታይ መርዶ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።

"መርዶ አይደለም፣ እማዬ" አልኳት። "መርዶ ለማለት የሚያበቃ ነገር አላውቅም። የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ።" ሦስቱን ነገርኳት።

ዝም አለች። ከዚያ አንድ በአንድ ትጠይቀኝ ጀመር።

"የፋሲካው ገንዘብስ?"

"የእኔ ነው።"

"ያንቺ ሽሮ ናፈቀኝ ያለውስ?"

"እኔ ነኝ ያልኩት።"

"ፍየሎቹስ?"

"ፍየል የለም፣ እማዬ።"

ከዚያ በኋላ የተናገረችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። "አምስት ዓመት ሙሉ 'ጌታ ሆይ፣ በበረሃ ጥላ ሁንለት' እያልኩ ስለምን ኖርኩ። ልጄ ባሕር ላይ ኖሯል። የምጸልይበትን እንኳ ወሰድሽብኝ" አለችና ስልኩን ለጎረቤቷ ሰጠቻት።

እንባዋን ያስቀረሁላት መስሎኝ የወሰድኩባት ጸሎቷን መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስድስት ሳምንት አላነጋገረችኝም። ስደውል ጎረቤቷ አንሥታ "ደኅና ናት፤ ትንሽ ተያት" ትለኛለች። በእነዚያ ሳምንታት ለማስተካከል ብዙ ተፈተንኩ። ረጅም የድምፅ መልእክት ቀርጬ አጠፋሁት። ገንዘብ ልላክ ብዬ ተውኩት። ያ የተላጠ ወረቀት ትዝ ይለኝ ነበር። ያልደረቀ ነገር ላይ እጅ መመለስ የለበትም። ይቅርታዋን ጠይቄያለሁ፤ የቀረው በእርሷና በጌታ መካከል ነው። ነጩን ተውኩት።

ሁለተኛው ባሕር

በታኅሣሥ "እማማ፣ ባሕሩን እንደገና እንሞክር" ያልኩት እኔ ነኝ። ታሪኩን በዚያ መሐል ነግሬያቸው ነበር። ሰምተው ብዙ አልተናገሩም፤ "ለዚህ ነዋ አልካይ ላይ ጀርባሽን የምትሰጪው" ብቻ ነው ያሉት።

የመጀመሪያውን ወረቀት አላስታደሱኝም። አዲስ ወረቀት ሰጡኝ። ሰማዩን አረጠብኩ፤ ግራጫው በራሱ ሄደ። መስመሩን አሰመርኩ። ደረቁን ብሩሽ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ሳብኩት። እጄ ሊመለስ ሲቸኩል እማማ በግራ እጃቸው አንጓዬን ያዙኝ። ተቀምጠን እስኪደርቅ ጠበቅን። የውኃ ቀለም ሲደርቅ ይቀልላል፤ እርጥብ ሳለ የጠቆረው ሁሉ ይፈዝዛል። መሐል ላይ ያልነካሁት ቦታ ብቻ እንደነበረ ቀረ፤ ዙሪያው ጠቆር ስላለም ያበራ ነበር። ሥዕሉ ፍጹም አይደለም። መስመሩ በቀኝ በኩል ትንሽ ወርዷል። ነገር ግን ባሕር ነው፤ ፊት ለፊት ያየሁት የመጀመሪያው ባሕር።

በዚያች ሌሊት ተንበርክኬ ስለ ወንድሜ ጸለይኩ። "ጌታ ሆይ፣ የት እንዳለ አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ" አልኩ። ከዓመታት በኋላ በእውነት የጸለይኩት የመጀመሪያ ጸሎት ነው። መዝሙር 139ን አነበብኩ፤ ሰው በባሕር ዳርቻ መጨረሻ እንኳ ቢገኝ የጌታ እጅ በዚያ እንደምትይዘው ይናገራል። ራእይ 20፥13ንም አነበብኩ፤ በመጨረሻው ቀን ባሕር በውስጡ ያሉትን ሙታን ይመልሳል። ይህን ያየው ዮሐንስ በባሕር በተከበበች ደሴት፣ በፍጥሞ ሆኖ ነው። በየቀኑ ውኃውን የሚያይ ሰው፣ ባሕር የያዘውን ለዘላለም ይዞ እንደማይቀር ተገለጠለት። ወንድሜ በሕይወት ካለም ከሌለም፣ ከጌታ እጅ የወጣበት ጊዜ የለም።

እማዬ በጥር ደወለች። የክፍሉን ቆርቆሮ አስመትታው ነበር። "የልጄ ቤት አልለውም" አለችኝ። "ከገጠር ለትምህርት የመጡ ሁለት ሴት ልጆች አስገባሁበት። ጥላ እንዲሆንለት የለመንኩት ጌታ አድራሻ አይጠፋበትም፤ ልጄ ያለበት ያደርስልኛል።" ትንሽ ዝም ብላ "አንቺ ግን ከእንግዲህ 'አላውቅም' ማለትን ልመጂ" አለችኝ። "ይቅር ብዬሻለሁ" ያለችኝ በዚያ ቀን አይደለም፤ ከፋሲካ በኋላ ነው። ይህንንም እንድጽፍ የፈቀደችው እርሷ ናት። "ሌላ ሰው እናቱን እንዲህ እንዳያደርግ ጻፊው" ብላኛለች።

ወገኖቼ

ይህን ከምታነቡት መካከል ነጩን የሸፈናችሁ ትኖራላችሁ። በሽታ የደበቃችሁ፣ የፈረሰ ትዳር እንደቆመ የምታወሩ፣ ከሥራ ወጥታችሁ ለቤተሰብ ያልነገራችሁ። እኛ በውጭ ያለን ደግሞ በሰው መኪና አጠገብ ቆመን ፎቶ መላክ እናውቅበታለን። የመጀመሪያው ስሕተት ትንሽ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን የሚልጠው ማስተካከያው ነው። የምታውቁትን ተናገሩ፤ የማታውቁትን ለባለቤቱ ተዉለት። ስትናገሩም ሰሚው ብቻውን እንዳይሆን አስቡለት፤ ኤፌሶን 4፥15 እውነትንና ፍቅርን አብሮ ያስኬዳልና።

ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ሣጥን ውስጥ ነጭ ቀለም የለም። ያበላሸነውን በሌላ ቀለም ብንደራርብ ይጠቁራል እንጂ አይነጻም። ክርስቶስ ወደ እርሱ የምንመጣውን የተላጠውን ወረቀታችንን አድሱ አይለንም። አዲስ ይሰጠናል (2ኛ ቆሮንቶስ 5፥17)። እኔ ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሬ ስዘምረው ኖሬ የተረዳሁት በሁለተኛው ባሕር ላይ ነው።

ለጥሞናችሁ፦ በቤተሰባችሁ ፊት የሸፈናችሁት ነጭ ቦታ የትኛው ነው? ስለዚያ ነገር ለእናንተ የተገለጠው ምንድን ነው? ለእግዚአብሔር ልትተዉለት የሚገባውስ?

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ አላውቅም ለማለት ድፍረት ስጠን። ከፍርሃት የተነሣ የቀባነውን ይቅር በለን። በባሕርና በበረሃ የጠፉብንን ልጆቻችንን አንተ ታውቃቸዋለህ፤ በአንተ ዘንድ የጠፋ የለም። ደጅ ደጁን የሚያዩትን እናቶች አጽናናቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።